ዳርዳኔልስን ከካርቶን

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የእጅ ሥራን ከታሪክና ከጂኦግራፊ ጋር ያገናኛል። መሐል ላይ ጥቂት ልኬቶች ስለምጠራ እርሳስና ወረቀት አጠገባችሁ ቢኖር መልካም ነው። ቤታችሁ ውስጥ የቴሌቪዥን፣ የጫማ ወይም የብስኩት ካርቶን ካለ ደግሞ ቆራሌው በበራችሁ ሲያልፍ አትስጡት፤ ዛሬ እንፈልገዋለን።

የምንሠራው ባሕር ዳርቻ ነው። ገደሉ፣ ኮረብታውና ባሕረ ሰላጤው በጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ፣ ለጨዋታ የሚሆን ባሕር ዳርቻ። ጨዋታው በብዙ አገሮች ወዳጆች ያሉት የባሕር ላይ የጦርነት ጨዋታ ነው። በሁለት ጣት የሚያዙ ትንንሽ የመርከብ ሞዴሎች ይደረደራሉ፤ ተጫዋቾቹ እንደ ገበጣ በየተራ፣ ግን በማስመሪያ እየለኩ ያንቀሳቅሷቸዋል፤ የተተኮሰው መድፍ መታ ወይስ ሳተ የሚለው በዳይስ በሚወጣው ቁጥርና በሕግ መጽሐፉ ይወሰናል። መርከብ በአንድ ተራ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚሄድ፣ ለመዞር ምን ያህል ቦታ እንደሚፈልግ፣ መድፉ እስከ የት እንደሚደርስ ሁሉ ሕግ አለው።

ልጆች ብቻ የሚጫወቱት እንዳይመስላችሁ። ዛሬ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝና፣ የዓለምን የጦር መርከቦች በመዘርዘር ስሙ የታወቀው እንግሊዛዊው ፍሬድ ጄን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የባሕር ጦርነት ጨዋታ አዘጋጅቶ ነበር። በ1930ዎቹ ደግሞ ጸሐፊው ፍሌቸር ፕራት ኒው ዮርክ ውስጥ ወዳጆቹን እየሰበሰበ ከእንጨት በተሠሩ መርከቦች ወለል ላይ ያጫውት ነበር። ከሁሉም እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የሊቨርፑሉ ታሪክ ነው። በ1942 የብሪታንያ ባሕር ኃይል በጊልበርት ሮበርትስ የሚመራ አንድ ትንሽ የታክቲክ ክፍል በዚያች ከተማ አቋቋመ። በክፍሉ የሚሠሩት አብዛኞቹ የባሕር ኃይሉ የሴቶች አገልግሎት አባላት የሆኑ ወጣቶች ነበሩ። ወለሉ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሆነ። የመርከቦቹ ጉዞ በጠመኔ እየተሰመረ፣ ለሥልጠና የመጡት መኮንኖች ከመጋረጃ ጀርባ በትንሽ ቀዳዳ ብቻ እንዲያዩ ተደረገ፤ በእውነተኛው ባሕር ላይ ከሚያዩት በላይ እንዳያዩ። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የንግድ መርከብ ቅፍለቶችን እንዴት እንደሚያጠቁ የመረመሩት፣ መከላከያውንም የፈተኑት በዚያ ወለል ላይ ነው። ወደ 5,000 የሚጠጉ መኮንኖች ሠልጥነውበታል።

ያቺን የመጋረጃ ቀዳዳ ልብ በሉልኝ። ጨዋታውን ትምህርት የሚያደርገው የማይታየው ነገር ነው። ሁለቱ ወገኖች ሁሉን ነገር የሚያዩ ከሆነ ቀሪው የማስመሪያና የዳይስ ጉዳይ ብቻ ነው። በሰፊው ባሕር ላይ የሚሰወረው ሰርጓጁ ነው። በባሕር ዳርቻ ግን ምድሩ ራሱ ይሰውራል፤ ኮረብታ መድፍ ይደብቃል፤ ባሕረ ሰላጤ ፈንጂ ይደብቃል፤ የውሃው ጥልቀት ማነስ ከመርከቡ ሆድ ሥር ይደበቃል። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ አሠራር ሁሉ የሚነሳው ከአንድ እምነት ነው፤ ባሕር ዳርቻችሁን ስትሠሩ መጀመሪያ ልታስቡበት የሚገባው ምን እንደሚሰውርና መርከቦቹን ወዴት እንደሚያስገድድ ነው። ውበቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለዚህ የመረጥኩት ቦታ ዳርዳኔልስ ነው። በካርታ ላይ ፈልጉት፤ ከኤጅያን ባሕር ወደ ማርማራ ባሕር የሚያስገባው፣ ዛሬ በቱርክ ግዛት ውስጥ ያለው ወሽመጥ ነው። ርዝመቱ 61 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጠባቡ ቦታ፣ በቻናካሌ ከተማና በኪሊትባሂር መካከል፣ ስፋቱ 1.2 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በሰፊው ቦታ ደግሞ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። በአውሮፓ በኩል የገሊፖሊ ባሕረ ገብ መሬት በገደልና በተራራ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በእስያ በኩል ምድሩ ይለሰልሳል፤ ኮረብታው ከውሃው ራቅ ብሎ በመሐል ሸለቆና ሜዳ ይገባበታል። ላይ ላዩን የሚፈስሰው ውሃ ከማርማራ ወደ ኤጅያን ይወርዳል፤ ከታች ያለው ጨዋማ ውሃ ግን በተቃራኒው ይሄዳል። ወደ ላይ የሚወጣ መርከብ ሁሉ ፈሳሹን እየገፋ ይወጣል ማለት ነው።

በ1915 መጀመሪያ ብሪታንያና ፈረንሳይ በዚህ ወሽመጥ መርከቦቻቸውን አሳልፈው ወደ ኢስታንቡል ለመድረስ ወሰኑ። ኦቶማኖች ደግሞ በወሽመጡ አግድም የፈንጂ ረድፎችን ዘርግተው፣ በሁለቱም ዳርቻ ምሽጎችንና ተንቀሳቃሽ መድፎችን አሰናድተው ጠበቁ። ጥቃቱ በተጀመረባቸው ሳምንታት አንድ ነገር አስተዋሉ። የአጋሮቹ መርከቦች ተኩሰው ሲጨርሱ ለሚከተሉት ቦታ ለመልቀቅ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ይዞራሉ። በቀኛቸው ደግሞ በእስያ በኩል ሰፊው የኤረንኮይ ባሕረ ሰላጤ አለ። ለመዞር ሰፋ ያለ ቦታ የሚገኘው እዚያ ነበር። መጋቢት 8 ሊነጋጋ ሲል ኑስረት የምትባል ትንሽ ፈንጂ ዘሪ መርከብ በጨለማ ወጥታ በዚያ ባሕረ ሰላጤ 26 ፈንጂዎችን ዘራች። የተዘሩት እንደሌሎቹ ወሽመጡን አቋርጠው ሳይሆን ከባሕሩ ዳርቻ ጋር ጎን ለጎን ነው። ቦታው ቀድሞ ተጠርጎ ንጹሕ ነው ተብሎ የታመነበት ነበር።

መጋቢት 18 በአድሚራል ጆን ዴ ሮቤክ የሚመራው ታላቅ የመርከብ ኃይል ገባ። የፈረንሳዩ ቡቬ ከፊት መስመር ተመልሶ በባሕረ ሰላጤው ሲዞር ፈንጂ መታው፤ በሁለት ደቂቃ ገደማ ውስጥ ተገልብጦ ሰጠመ፤ ከ600 በላይ ሰዎች ይዞ። የብሪታንያው ኢንፍሌክሲብል ክፉኛ ተጎዳ። የብሪታንያዎቹ ኢሬዚስቲብልና ኦሽን እንዲሁ በፈንጂ ተመትተው ጠፉ። መርከቦቹ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲያ በመርከብ ብቻ ወሽመጡን ለመስበር የተደረገ ሙከራ አልነበረም። ሚያዝያ 25 ወታደሮች ገሊፖሊ ላይ ወረዱ፤ ያ ደግሞ ለወራት የቆየ፣ በሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ሰው ያለቀበት ሌላ ጦርነት ሆነ። ይህን ስንጫወት የሰው ሕይወት ያለፈበት እውነተኛ ቀን መሆኑን ልጆቻችንም እኛም እናስብ። እኔ ጨዋታውን ከመጀመሬ በፊት የሰጠሙትን መርከቦች ስምና በውስጣቸው የነበሩትን ሰዎች ጉዳይ ለተጫዋቾች እናገራለሁ።

አሁን ጥያቄው ግልጽ ነው። ያ ባሕረ ሰላጤ ጠረጴዛው ላይ ከሌለ፣ ተጫዋቹን ወደ ቀኝ እንዲዞር የሚያባብለው ነገር ከሌለ፣ የኑስረት ሥራ ትርጉም አይኖረውም። ዳርቻውን በትክክል የሠራ ሰው ታሪኩን በትክክል ሠርቷል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ እርሳሳችሁን አንሡ። መጀመሪያ ስኬል። የመርከብ ሞዴሎች በብዙ ስኬል ይሠራሉ፤ የተለመዱት 1 ለ 1200፣ 1 ለ 3000ና 1 ለ 6000 ናቸው። የብሪታንያዋ የጦር መርከብ ክዊን ኤልዛቤት ርዝመቷ ወደ 197 ሜትር ነበር። በ1 ለ 1200 ሞዴሏ 16 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል፤ በ1 ለ 3000 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል፤ በ1 ለ 6000 ከ3 ሴንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ወሽመጡን በ1 ለ 3000 ልሥራ ብትሉ 61 ኪሎ ሜትሩ ከ20 ሜትር በላይ ይሆንባችኋል። የትኛውም ቤት አይችለውም። ስለዚህ የመርከቡ ስኬልና የባሕሩ ስኬል ይለያያሉ። እኔ የምመክረው መርከቡን በ1 ለ 6000፣ ባሕሩን ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር 100 ሜትርን እንዲወክል አድርጎ መሥራት ነው። ያን ጊዜ መርከቦቹ ከባሕሩ አንጻር ትንሽ ይተልቃሉ፤ ግን ዓይን አይረብሹም። ርቀት ስትለኩ ከመርከቡ መሐል እስከ መርከቡ መሐል ለኩ፤ ያኔ የሞዴሉ መተለቅ ጨዋታውን አያዛባም።

በዚህ ስኬል እንኳ ሙሉው ወሽመጥ 6 ሜትር ነው። ሙሉውን አንሠራም። የመጋቢት 18ቱ ፍጥጫ የተካሄደው ከጠባቡ በታች ባለው ሰፊ ክፍል ስለሆነ ከኬፌዝ ጫፍ ተነስተን የኤረንኮይን ባሕረ ሰላጤ አልፈን 12 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ እንወስዳለን። ይህ 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ስፋቱ ከሁለቱ ዳርቻ ጋር ከ1 ሜትር አይበልጥም። የምግብ ጠረጴዛ ይበቃዋል። ጠባቡ መቅረቱ ቅር የሚላችሁ ይኖራሉ፤ ቻናካሌን ማየት ደስ ይላል። ግን መርከቦቹ ያን ቀን እዚያ አልደረሱም፤ ያልተደረሰበትን ቦታ ለመሥራት ካርቶን ማባከን አይገባም።

ካርታውን ወደ ካርቶን ለማሳለፍ የትምህርት ቤት ዘዴ ይበቃል። የከፍታ መስመር፣ ማለትም ኮንቱር ያለበት ካርታ ፈልጉ። በላዩ ላይ እያንዳንዱ ጎኑ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን አስምሩ። በካርቶናችሁ ላይ ደግሞ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን አስምሩ። ከዚያ በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ ያለውን የዳርቻ መስመር ወደ ተመሳሳዩ ቤት በእጅ መገልበጥ ነው። የስዕል ችሎታ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ብቻ ነው።

ከፍታው ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው። በገሊፖሊ በኩል ከዳርቻው በላይ ያለው ከፍታ ቦታ ወደ 200 ሜትር ይደርሳል። በባሕሩ ስኬል ይህ 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ሲያዩት ዝቅ ያለ ይመስላል። ስለዚህ ከፍታውን ሁሉ እጥፍ እናደርገዋለን። 200 ሜትር 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ከፍታው በሁሉም ቦታ እኩል እጥፍ እስከሆነ ድረስ በእውነተኛው ቦታ ከመርከብ ወደ ኮረብታ ጀርባ የማይታየው ነገር በሞዴሉም አይታይም። ቀጥ ያለ መስመር ቀጥ እንዳለ ይቀራልና። ግን አንዱን ኮረብታ እጥፍ፣ ሌላውን ሦስት እጥፍ ካደረጋችሁ ይህ ሁሉ ይፈርሳል።

መደበኛው ቡናማ ካርቶን፣ በሁለት ወረቀት መሐል የታጠፈ ሞገድ ያለበት፣ ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ነው። የእናንተን ለማወቅ 10 ቁራጭ ደርድራችሁ ለኩና ለ10 አካፍሉ። 4 ሚሊ ሜትር ከሆነ በእኛ ስሌት አንዱ ድርብ 20 ሜትር ከፍታ ነው። እንግዲህ የ20 ሜትሩን ኮንቱር ቆርጦ ከሥር፣ የ40ውን በላዩ፣ የ60ውን ከዚያ በላይ እያደረጉ መደርደር ነው። ድርቦቹን ስታጣብቁ የውስጡ ሞገድ አቅጣጫ አንዱ ቁም፣ ቀጣዩ አግድም ይሁን፤ አለዚያ ሲደርቅ ይጎብጣል። ማጣበቂያው ነጩ የእንጨት ኮላ ነው። በስሱ ቀብታችሁ፣ ከባድ መጽሐፍ ጭናችሁ፣ ጥላ ቦታ አሳድሩት። ፀሐይ ላይ የተቸኮለ ካርቶን ይጣመማል። ሥሩን ብቻ በኮላ ማርጠብም ያጣምማል፤ ከላይ የቀባችሁትን ያህል ከታችም ቀቡ።

የአውሮፓው ዳርቻ ገደል ነው አልኩ። እዚህ የድርቦቹ ጠርዝ ተቀራርቦ እንዲደረደር ተዉት፤ ፊቱን የምታለብሱት በእንቁላል ማስቀመጫ ነው። የእንቁላል ካርቶን በእጅ ሲቀደድ ጠርዙ ሻካራና ያልተስተካከለ ይሆናል፤ በመቀስ አትቁረጡት፤ ቅደዱት። ቁራጮቹን በገደሉ ፊት ላይ ከታች ወደ ላይ እያደራረባችሁ ስትለጥፉ ንጣፍ ያለው ድንጋይ ይመስላል። ቀለም ከተቀባ በኋላ ማንም ካርቶን ነው አይልም። ከሁሉም መጠቅለያ ይልቅ የምወደው እሱን ነው።

በእስያ በኩል ደግሞ የተረፈውን የእንቁላል ካርቶን ቆራርጣችሁ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፉት። በማግስቱ ፍርፍር ብሎ ይፈርሳል። ውሃውን ጭመቁት፤ ከኮላና ከጥቂት ጀሶ ጋር ለውሱት። ይህ ሊጥ በድርቦቹ መሐል ያለውን ደረጃ እየሞላ ለስላሳ ተዳፋት ያወጣል። ጣታችሁን ውሃ ውስጥ እየነከራችሁ አለስልሱት። በስሱ ቀቡ፤ ወፍራም ከሆነ ከላይ ደርቆ ከውስጥ ረጥቦ ይሸታል። ሸለቆዎቹን በማንኪያ ጀርባ ተጫኗቸው።

ስለ ስታይሮፎም ልናገር፤ የቴሌቪዥንና የፍሪጅ መጠቅለያ ሆኖ ስለሚመጣው ነጭ፣ ሲሰበር ኳስ ኳስ እያለ ስለሚበታተነው። ትልቅ ኮረብታ ውስጡን ለመሙላት ጥሩ ነው፤ ቀላልም ነው። ግን ሦስት ነገር እወቁ። በጋለ ሽቦ መቁረጥ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አደገኛ ጭስ ያወጣል፤ በአዲስ የካተር ስለት ቁረጡት። በመንፊያ የሚረጭ ቀለምና ፈጣኑ ማጣበቂያ ያቀልጡታል፤ መጀመሪያ ጋዜጣና ነጭ ኮላ አልብሱት፤ ከዚያ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ቀቡት። ፍርፋሪውን በጥንቃቄ ሰብስቡት፤ ነፋስ ከወሰደው ወደ ቦይ ይገባል፤ አይበሰብስምም። ካተሩን ለልጆች አትስጡ፤ እናንተ ቁረጡላቸው፤ ቅደዳውንና ልቅለቃውን እነሱ ይሥሩት።

ለባሕሩ ሥር ወፍራም ካርቶን ወይም ኮምፔንሳቶ ይበቃል። ቀለሙን ከመሐል ጥቁር ሰማያዊ፣ ወደ ዳር ሲጠጋ አረንጓዴ ቢጤ አድርጉት። ጥልቀት ለሌለው ውሃ ግን የተሻለ ዘዴ አለኝ። ብስኩት ወይም ኬክ የሚመጣበትን ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ክዳን ጠፍጣፋውን ክፍል በዳርቻው ቅርጽ ቁረጡ፤ ከሥሩ በኩል ስስ ውሃማ ሰማያዊ ቀለም ቀቡና ባሕሩ ላይ አንጥፉት። መርከብ በላዩ ሊቆም ይችላል፤ ግን ተጫዋቹ ጥልቀት ወደሌለው ውሃ መግባቱን ያያል። የወሽመጡ አማካይ ጥልቀት 55 ሜትር ያህል ስለሆነ መሐሉ ለማንኛውም መርከብ ይበቃል፤ ጭንቀቱ ያለው ጠርዝ ላይ ነው።

የመሬቱን ቀለም በሁለት ዙር ቀቡ፤ መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ፣ ሲደርቅ ደግሞ ገርጣ ያለ የአፈር ቀለም በደረቅ ብሩሽ ላይ ላዩን። ለቁጥቋጦው ፈጽሞ የደረቀ የቡና አተላ በኮላ ላይ በትኑ። እርጥብ ከሆነ ይሻግታል። ትናንሽ ምሽጎች ከክብሪት እንጨትና ከብስኩት ካርቶን ይሠራሉ፤ ማማ ከእስክርቢቶ ቀፎ። በእስያ በኩል ዳርዳኖስ የሚባለውን ምሽግ መድፎች አትርሱ። ሌሎችም መድፎች አሉ። በወሽመጡ ውስጥ ታኅሣሥ 13 ቀን 1914 ቢ 11 በምትባል የብሪታንያ ሰርጓጅ የሰጠመች መሱዲዬ የምትባል የኦቶማን መርከብ ነበረች፤ አንዳንድ መድፎቿ ከውሃ ወጥተው ምድር ላይ ተተክለው በስሟ ተጠርተዋል። የወደቀን ነገር ለሌላ ሥራ ማዋል ለዚያ ወሽመጥ አዲስ አይደለም፤ መርካቶ ምን አለሽ ተራን ለሚያውቅ አድማጭ ደግሞ ይህ ከቶ አይገርመውም።

(አጭር ሙዚቃ)

ዳርቻው ደረቀ እንበል። ከመጫወታችሁ በፊት በክር ፈትኑት። የክሩን አንዱን ጫፍ ከመርከቡ የአዛዥ መቆሚያ፣ ሌላውን ጫፍ ከኮረብታው ጀርባ ካለው መድፍ ያዙና ወጥሩት። ክሩ ኮረብታውን ከነካ አይተያዩም። ይህ ቀላል ፈተና በ1915 መርከቦቹን ያስጨነቀውን ነገር በእጅ ያስነካል። የትላልቆቹ መርከቦች የመድፍ ጥይት ርቆ የሚሄድ፣ ግን ዝቅ ብሎ በቀጥታ የሚበር ነበር፤ ከሸንተረሩ ጀርባ ያለን ነገር ለመምታት አይመችም። ኦቶማኖቹ ደግሞ ሃውተዘር የሚባሉ፣ ጥይታቸው ወደ ላይ ወጥቶ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መድፎችን ከኮረብታ ጀርባ እያንቀሳቀሱ ይተኩሱ ነበር። ከኮረብታው ጫፍ ያለ ተመልካች ብቻ በቂያቸው ነበር። መርከቦቹ ፈንጂ ጠራጊዎቹን ከእነዚህ መድፎች መከላከል አልቻሉም፤ ፈንጂው ስላልተጠረገ መርከቦቹ ማለፍ አልቻሉም፤ መርከቦቹ ስላላለፉ ምሽጎቹ አልወደቁም። ስለዚህ ጉዳይ አንሶላ የሚያክል የታሪክ ገጽ ካነበበ ተማሪ ይልቅ ክሩን አንድ ጊዜ የወጠረ ተማሪ ነገሩን ጠልቆ ይረዳዋል ብዬ አምናለሁ።

ለጨዋታው ሦስተኛ ሰው ዳኛ ይሁን። የኦቶማን ተጫዋች ፈንጂዎቹን የት እንደዘራ በካርታው ቅጂ ላይ በድብቅ አስምሮ ለዳኛው ይስጥ፤ ከጠረጴዛው ላይ ምንም አይታይ። መርከብ በዚያ መስመር ሲያልፍ ዳኛው ያስቆማል፤ ዳይስ ይጣላል። የአጋሮቹ ተጫዋች ጠራጊ ጀልባዎች ይኑሩት፤ ግን ፈሳሹን ወደ ላይ እየገፉ ስለሚሄዱ እንቅስቃሴያቸው በግማሽ ይቀነስ። ያን ያህል ሕግ ይበቃል። ሕግ ሲበዛ ሰው ዳርቻውን ትቶ መጽሐፉን ያያል። የ1915ቱን አኳኋን ብቻ እንዲደግሙም አታስገድዷቸው፤ የኦቶማኑ ተጫዋች ፈንጂውን ሌላ ቦታ መዝራት ከመረጠ ይምረጥ፤ ተቃራኒው ወደ ግራ ልዙር ካለ ይዙር፤ ግን የአውሮፓው ገደል ቦታ እንደማይሰጠው ያኔ ያያል።

ከዳርዳኔልስ ሌላ እኛን በቅርብ የሚነካን ባሕር አለ። ቀይ ባሕር። ምጽዋ በ1950ዎቹ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መቀመጫ ነበረች፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ጣሊያኖች የጦር መርከቦቻቸውን ያሰፈሩባት ወደብ። ሚያዝያ 8 ቀን 1941 በብሪታንያ የሚመራው ጦር ሲይዛት ጣሊያኖቹ ወደቡ እንዳያገለግል መርከቦችን ራሳቸው አስጥመው ነበር፤ በኋላ አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኤልስበርግ መጥቶ ከውሃ ያወጣቸው ጀመር። ከምጽዋ ፊት ለፊት የዳህላክ ደሴቶች አሉ፤ ከ120 በላይ፣ አብዛኛዎቹ ዝቅ ያሉ የኮራል ምድር። አሠራራቸው ከገሊፖሊ ጋር አንድ አይደለም፤ ገደል የለም፤ አንድ ድርብ ካርቶን እንኳ ሊበዛ ይችላል። ዙሪያቸው ያለው ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው ጨዋታውን የሚወስነው፤ ስለዚህ ግልጹ ፕላስቲክ ካርቶኑን ይበልጣል።

የትምህርት ቤት የታሪክና የጂኦግራፊ መምህራን ሆይ፣ ይህን የምለው በተለይ ለእናንተ ነው። ክበብ መሥርቱ፤ የሳምንት መጨረሻ ያላችሁን ሰዓት ስጡት፤ ካርቶኑን ተማሪዎቹ ከየቤታቸው ያመጣሉ። ለሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን የጭማቂ ካርቶንና የክኒን ማሸጊያ አስቀምጡ፤ የምጽዋን ወደብና የነዳጅ ጋኖች የምንሠራው በእነሱ ነው። ሥራችሁን በምትሠሩበት ጊዜ ካተሩን ከልጆች አርቁ፤ መስኮቱንም ክፈቱ። ሰላም ሁኑ።